የሴቶች አደባባይ

ከጨለለቅቱ ስመለስ ነው የያዙኝ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። ዝናቡ ገና ማባራቱ ስለነበር ሚኒባሱ ውስጥ የእርጥብ ልብስ ሽታ ሞልቷል። ኬላው ላይ እንደ ወትሮው ውረዱ ተባልን፤ ወርደን መታወቂያችንን አሳየን። እኔ በብብቴ የተጠቀለለ ትልቅ ወረቀት ይዤ ነበር። ከፖሊሶቹ አንዱ "እስቲ ፍቺው" አለኝ። ነፋስ ስለነበር አንዱን ጫፍ እሱ ይዞልኝ ፈታሁት።

ወረቀቱ ላይ በእጄ የሳልኩት የኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ ነበር። ዲላ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የታሪክ ረዳት መምህር ነበርኩ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ጨለለቅቱ ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን ለሴቶች መጽሐፍ ቅዱስ አስጠና ነበር። ብዙዎቹ ማንበብ ስለማይችሉ በሥዕል ማስረዳት ይቀለኛል። ግንቦቹን በጥቁር፣ በሮቹን በቀይ ቀለም ሠርቼ ነበር። ሌዋውያኑ ይጠብቁባቸው የነበሩትን ቦታዎች በትንንሽ ክቦች አመልክቼ ከእያንዳንዱ ክብ አጠገብ "ዘብ" ብዬ ጽፌያለሁ። ከውጭው በር እስከ ውስጠኛው ክፍል የሚያደርሰውን መንገድም በቀስት አሳይቻለሁ።

ፖሊሱ ወረቀቱን ብዙ ጊዜ አየው። ከዚያ ጓደኛውን ጠራ። ጓደኛው ጎንበስ ብሎ ቀስቱን በጣቱ ከበር ወደ በር ተከተለ፤ ዘቦቹንም አንድ በአንድ ነካቸው።

"ይቺን አቆያት" አለ።

ሌሎቹ ተሳፋሪዎች ተመልሰው ገቡ። ማንም ወደ እኔ አላየም። ሚኒባሱ ትንሽ እንደ ሄደ ቆመና ጃንጥላዬን በመስኮት አውጥተው መንገዱ ዳር ጣሉልኝ። ጃንጥላዋን አንስቼ ከፖሊሶቹ ጋር ወደ ዲላ ተመለስኩ።

ያሰሩን ክፍል ድሮ የቡና መጋዘን ነበረች ይባላል። እውነት ይመስለኛል፤ ዝናብ ሲዘንብ ከግድግዳው ውስጥ የጀንፈል ሽታ ይወጣ ነበር። ግድግዳው እስከ ወገብ ድረስ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል፤ ከዚያ በላይ የሰው ጀርባ ያጠቆረው ኖራ ነው። መስኮት የላትም፤ ከጣሪያው ሥር ብቻ ጡብ የተነሣበት ቀዳዳ አለ። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት ጥግ ላይ ያለውን ባልዲ ነው። ከዚያ አንዲት ትልቅ ሴት አየሁ፤ ቀጥዬም ሕፃን ያቀፈች አንዲት ወጣት።

ትልቋ ሴት የቡሌ ሰው ነበሩ። ልጃቸው የት እንደታሰረ ሊጠይቁ መጥተው አዛዡን ስለሰደቡ ነበር የያዟቸው። አማርኛን የለመዱት በገበያ ነው፤ በአፋቸው ወንድና ሴት አይለይም ነበር።

"ና ግባ ልጄ" አሉኝ። "ሆቴሉ ሞልቷል፤ ግን ላንተ አይጠፋም።"

ሰው እያየኝ ባልዲውን መጠቀም አልቻልኩም። እስኪያመኝ ድረስ ታገስኩ። እሳቸው ገባቸው። ከትከሻቸው ላይ ቡሉኳቸውን አውርደው በሁለት እጃቸው እንደ መጋረጃ ወጠሩት፤ ፊታቸውንም ወደ በሩ አዞሩ።

"በል ጨርስ፤ ክንዴ አሮጌ ነው" አሉ።

መርማሪው ለስላሳ ድምፅ ያለው ሰው ነበር። ወረቀቴን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ እንዳይጠቀለልበት ጫፎቹን በስልኩ፣ በማኅተሙና በሻይ ብርጭቆው አስያዘው።

"ይህ የምን ሕንፃ ነው?"

"ቤተ መቅደስ ነው።"

"የት ያለ?"

"አሁን የለም። ፈርሷል።"

"ማን አፈረሰው?"

"ሮማውያን።"

ጻፈ። "መቼ?"

"ሁለት ሺህ ዓመት ሊሞላው ትንሽ ቀርቶታል።"

እስክሪብቶው ቆመ። ቀና ብሎ አየኝ፤ እየቀለድኩበት እንደሆነ ለማወቅ ይመስለኛል። እኔ ከማላውቀው ሰው ጋር ቀልጄ አላውቅም። ሌዋውያን እነማን እንደነበሩ፣ ለምን ሌሊት በሮቹን ይጠብቁ እንደነበር ነገርኩት። እስክጨርስ አላቋረጠኝም።

"እኔም አማኝ ነኝ" አለኝ በመጨረሻ። "ልጅ ሆኜ መዘምራን ውስጥ ነበርኩ። ቤተ መቅደስ መሆኑ ገብቶኛል።"

ደስ አለኝ። እጄ ሳላውቀው ወረቀቱን ለመጠቅለል ተንቀሳቀሰ።

"ተይው" አለ። "አንዴ 'የመንግሥት ተቋም ንድፍ' ተብሎ ወደ ላይ ተጽፏል። ወደ ላይ የሄደ ነገር በእኔ አይመለስም። ደግሞ ባለፈው ስብሰባ ላይም ተናግረሻል።"

እውነቱን ነው። ሁለት ተማሪዎቼ ከዶርም ተወስደው የት እንዳሉ ስላልታወቀ በዩኒቨርሲቲው ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ "የት ናቸው?" ብዬ ጠይቄ ነበር። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ስብሰባ ላይ ተናግሬ አላውቅም።

ሕፃኗ ሴት ናት። እናቷ ከእኔ ብዙም አትበልጥም። ከሰሜን አግብታ የመጣች ናት፤ ባሏ ጨለለቅቱ ውስጥ ቡና የሚጭን የአይሱዙ ሾፌር ነበር። የሾፌሮች አድማ አስተባብሯል ተብሎ ሲፈለግ ቤቱ አልተገኘም። አራስ ሚስቱ ግን ነበረች። "እሱ ሲመጣ አንቺ ትወጫለሽ" ብለው ከነልጇ አመጧት። የት እንደሄደ እንደማታውቅ ነገረቻቸው። እኛም ጠይቀናት ነበር፤ በእውነት አታውቅም።

እኔ ስገባ ሕፃኗ ሁለት ወር ሆኗት ነበር። እናቷ ቀኑን በአረንጓዴው ቀለም ላይ በጥፍሯ እየጫረች ትቆጥራለች። የሚፈታበትን ቀን የሚቆጥር እስረኛ ስለማውቅ እንደዚያ መስሎኝ ነበር።

"ለክርስትናዋ ነው" አለችኝ። "ለወንድ በአርባ፣ ለሴት በሰማንያ። እኔም የምነጻው፣ ቤተ ክርስቲያን የምገባው ያን ቀን ነው። እስከዚያ ከደጅ ነኝ።"

የቡሌዋ እማማ ሳቁ። እሳቸውም እንደኔ ጴንጤ ናቸው። "ሰማንያ ቀን! እኛ ልጅ አድጎ፣ ራሱ አምኖ ነው ምናጠምቀው።"

"እናንተማ ምን ያስቸኩላችኋል" አለች እናቲቱ። "ልጁ ጢም እስኪያወጣ ትጠብቃላችሁ።"

"አዎ! ውሃው ሲበርደው ራሱ ይጮሃል፤ እኛ አናለቅስለትም።" ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "ቲቸር፣ አንተ ተምረሃል። ለሴት ለምን እጥፍ ሆነ?"

"በሙሴ ሕግ የተጻፈ ነው" አልኩ። "ለወንድ አርባ፣ ለሴት ሰማንያ። ምክንያቱን ብዙዎች ብዙ ብለዋል። እርግጠኛ የሆነ ሰው ግን አላነበብኩም።"

"ስለዚህ አታውቅም።"

"አላውቅም እማማ።"

"ጎበዝ" አሉኝ። "እኔም አላውቅም። ግን ሴት ከባድ ነው፤ ለዛ ይሆናል።"

ቀኑ እየቀረበ ሲሄድ ሕፃኗ ማሳል ጀመረች። ክፍሉ እርጥብ ነበር፤ ሲሚንቶው ከሥር ያልበዋል። እናቲቱ ሌሊቱን ተቀምጣ ደረቷ ላይ ታሳድራታለች፤ ቡሉኮው ከእማማ ትከሻ ወደ ሕፃኗ ተዛወረ። ሳሉ ሲበረታባት ፊቷ ይጠቁራል፤ ከዚያ ትንፋሿ ይመለሳል። እኛ ትንፋሿ እስኪመለስ ድረስ ሦስታችንም አንተነፍስም ነበር። እናቲቱ ሕፃኗ ትሞታለች ብላ አልተናገረችም። የተናገረችው "ሳትጠመቅ" የምትለውን ቃል ብቻ ነው፤ የቀረውን አትጨርሰውም።

ሰማንያው ቀን ሊሞላ አንድ ቀን ሲቀረው መርማሪውን ለማነጋገር ጠየቀች። እየተመለሰች ሳለ ከአረማመዷ ብቻ ምን እንደተባለች ለማወቅ ሞከርኩ፤ አልቻልኩም።

"ባልሽ ያለበትን ንገሪኝና ዛሬውኑ ውጪ፤ ልጅሽን ራስሽ አስጠምቂ ነው ያለኝ" አለች። "አላውቅም አልኩት። እሺ ቄስ ይምጣልኝ አልኩት፤ ይህ ጣቢያ ነው አለኝ። በጥበቃ ሄጄ ልመለስ አልኩት፤ ሰው የለኝም አለኝ። በመጨረሻ፣ ልጅቷ እስረኛ አይደለችም፣ ምግብ የምታመላልስልሽ አክስትሽ መጥታ ልትወስዳት ትችላለች አለ።"

"ጥሩ ነው እኮ" አሉ እማማ። "ይውሰዷትና ይመልሷት።"

"አትመለስም።" ሕፃኗን ከእኔ ክንድ ተቀበለች። "ከወጣች በኋላ መመለስ የለም አለኝ። እስረኛ ያልሆነ ሰው እዚህ አይገባም አለኝ።"

ምርጫው ግልጽ ነበር። እዚህ ብትቀር የእናቷ ጡት አላት፤ ሳሉ ግን ከእሷ ጋር ይቀራል፤ ቀኑም ያልፋል። ብትወጣ ትጠመቃለች፤ ሐኪምም ታያለች፤ እናቷን ግን አታይም። ያለ ጡት እንዴት እንደምትሆን አናውቅም።

ከሰዓት በኋላ እናቲቱ ጠራችኝ።

"ቲቸር፣ አንቺ በሥዕሉ የታሰርሽበትን ቤት እስቲ አሳዪኝ። ያኔ የወለደች ሴት የት ነበር የምትቆመው?"

ከመጠጥ ውሃችን ጣቴን ነክሬ ሲሚንቶው ላይ ሠራሁላት። መጀመሪያ ትልቁን ግንብ።

"ይህ የአሕዛብ አደባባይ ነው። ከየትኛውም አገር የመጣ ሰው እዚህ ድረስ ይገባል።"

"እኛ ጌዴኦዎች እዚህ ነን?" አሉ እማማ አንገታቸውን አስግገው።

"አዎ እማማ።"

"ጥሩ ነው፤ ሰፊ ነው።"

"ይህ ደግሞ የሴቶች አደባባይ ነው። ከዚህ ወደ ውስጥ በደረጃ ይወጣል፤ ከደረጃው በላይ ትልቅ የናስ በር አለ። የወለደች ሴት ቀኗ ሲሞላ እዚህ፣ በሩ ላይ ትቆማለች። ካህኑ ከውስጥ ይመጣና መሥዋዕቷን ይቀበላታል። ጠቦት፤ ለጠቦት አቅም ከሌላት ሁለት ርግብ። ይዞት ወደ መሠዊያው ይሄዳል።"

"እሷስ?"

"እሷ አትገባም። በሩ ላይ ሆና ትጠብቃለች።"

"ታያለች?"

"ጢሱን ታያለች።"

የመጀመሪያው ግንብ መድረቅ ጀምሮ ነበር። ጣቴን ደግሜ ነክሬ አደስኩት።

"እመቤታችንም ልጇን ይዛ ስትሄድ እዚህ ነው የቆመችው?"

"እዚህ ሳይሆን አይቀርም። ርግብ ነበር ይዛ የሄደችው።"

እናቲቱ በሩን ያመለከትኩበትን ቦታ በመዳፏ ነካችው። "እኛም ጋ ያልነጻ ሰው ደጀ ሰላም ነው የሚቆመው" አለች። "ቤተ ክርስቲያናችንም ሦስት ክፍል ነው፤ ሁሉ ሰው የሚቆምበት፣ ከዚያ ቅድስቱ፣ ከዚያ ታቦቱ ያለበት መቅደሱ። እኔ የቄሶቹ ሥራ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ከዚህ ነው የመጣው።"

ለተማሪዎቼ ስለዚህ ነገር ብዙ ጊዜ ተናግሬያለሁ። ቤተ መቅደሱ ተቃጠለ፤ መሠዊያው ፈረሰ፤ ርግብ የሚቀበል ካህን ጠፋ። አይሁድ መሥዋዕት ይቀርብባቸው በነበሩት ሰዓታት ጸሎትን ተኩ፤ ዛሬም ፊታቸውን ወደዚያው አዙረው ይቆማሉ። ይህን ሁሉ "ቅርስ" በሚል ርዕስ ሥር አስተምር ነበር። ዲላ ጣቢያ ውስጥ አንዲት ሴት ያንኑ ቀን ግድግዳ ላይ በጥፍሯ ስትቆጥር እስካይ ድረስ ግን ቤቱ ጠፍቶ ቀኑ እንዳልጠፋ ልብ አላልኩም ነበር።

"ትሂድ" አለች እናቲቱ። ለማን እንደተናገረች አላወቅሁም። "እኔ በሩ ላይ እቆማለሁ።"

ማተብ አልነበረንም። ስትጠመቅ አንገቷ ላይ የሚታሰር ክር ያስፈልጋል፤ የእናቲቱን አክስት የሚያስጠራት መርማሪው ስለሆነ ክሩን ታምጣ አታምጣ የምናውቅበት መንገድ የለም፤ ምግብ ከማቀበል በቀር ከውጭ ሰው ጋር መነጋገር አይፈቀድም ነበር። አንገቴ ላይ የነበረውን ሰማያዊ ሻርፕ ጫፍ በጥርሴ ፈትቼ ክሮቹን መምዘዝ ጀመርኩ። እናቲቱ እያየችኝ ነበር።

"አንቺ ጴንጤ ነሽ" አለች። "ማተብ አይከለከልም እናንተ ጋ?"

"ማሰሩን እንጂ መግመዱን የከለከለኝ የለም" አልኩ።

እማማ በጣም ሳቁ። እኔም ራሴ ገረመኝ። አንዱን ጫፍ እሳቸው ያዙልኝ፤ ሌላውን እኔ እያከረርኩ ገመድኩት። የሻርፑ ቀለም እጄን ሰማያዊ አደረገው።

በማግስቱ ጠዋት ጠባቂዋ ሴት ፖሊስ ሙቅ ውሃ በጆግ አቀበለችን። ማን እንደጠየቃት አላውቅም። ሕፃኗን አጠብናት። እናቲቱ በነጠላዋ ጠቀለለቻት፤ ከዚያ ጡት ሰጠቻት፤ ሕፃኗ ጠግባ አፏን ስታነሣ እንደገና ሰጠቻት። ጠባቂዋ በሩ ላይ ቆማ "በይ እንጂ፣ አክስትሽ ከነቄሱ መልእክተኛ ውጭ ቆመዋል" ትላለች፤ ግን አልገባችም። ሕፃኗ እንቅልፍ ወሰዳት።

በሩ ላይ እናቲቱ ልጇን በሁለት እጇ አቀበለቻት። ማተቡንም ነጠላው ውስጥ አስገባችው። ጠባቂዋ ሕፃኗን ስትቀበል ጠመንጃው ወደፊት ስለመጣባት በክርኗ ወደ ጀርባዋ ገፋችው። ከዚያ በሩ ተዘጋ።

እናቲቱ አልተቀመጠችም። "ቤተ ክርስቲያኑ በየት በኩል ነው?" አለች። እኔ አቅጣጫው ጠፍቶኝ ነበር። እማማ በቀዳዳው የሚገባውን የጠዋት ብርሃን አዩና በእጃቸው ወደ ባልዲው ግድግዳ አመለከቱ። እሷም ባልዲውን አንስታ ወደ ሌላው ጥግ ወሰደችውና ፊቷን ወደዚያ አዙራ ቆመች።

ትንሽ ቆይተው እማማ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡና አጠገቧ ቆሙ። እኔም ተነሣሁ። በእኛ ትምህርት የሕፃን ጥምቀት የለም፤ ወደ ሕንፃ ዞሮ መቆምም የለም። ቢሆንም ቆምን። ከከተማው የባጃጅ ድምፅ ይሰማል። ደወል አልሰማንም። ውሃው አሁን ይሁን ቀደም ብሎ፣ አልቅሳ ይሁን ዝም ብላ፣ የሚነግረን ነገር አልነበረም።

የበሩ ትንሿ መስኮት ተከፈተች። ጠባቂዋ ናት።

"ምን ሆናችሁ ቆማችሁ? ተቀመጡ እንጂ!"

እናቲቱ ፊቷን ከግድግዳው አላዞረችም።

"እናንተን እኮ ነው! አንቺ መምህሯ፣ ተቀመጪ!"

በስሜም በሥራዬም ሲጠሩኝ ወዲያው የምታዘዝ ሰው ነኝ። ጉልበቴ መታጠፍ ጀምሮ ነበር።

"ክርስትና ላይ ነን" አልኩ። ድምፄ በጣም ቀጭን ወጣ።

ዓይኗ ለአፍታ እዚያው ቆየ። ከዚያ መስኮቷን ዘጋች። እግራችን እስኪደነዝዝ ድረስ ቆምን፤ የተቀመጥነው እናቲቱ ከተቀመጠች በኋላ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ጠባቂዋ ወደ መጸዳጃ ስትወስደን በእናቲቱ ጎን እየሄደች፣ ፊቷን ሳታዞር፣ አንድ ስም ተናገረች። የሕፃኗ የክርስትና ስም ነበር። አክስቷ ከበሩ ላይ ነግራት ይሆናል። ስሙን እዚህ አልጽፈውም። እናቲቱ ቀኑን ሙሉ በሹክሹክታ ስትለማመደው ዋለች።

ሕፃኗ ብትሄድም የእናቲቱ ወተት አልሄደም። ጡቷ ጠጥሮ ትኩሳት ያዛት፤ ቀሚሷ ፊት ለፊቱ ይረጥባል። እማማ እንዴት ማለብ እንዳለባት አሳዩአት። የፕላስቲክ ጠርሙስ ነበረን፤ አጠብነው፤ አለበችበት። አክስቷ ምሳ ስታመጣ ባዶው ምሳ ዕቃ ስለሚመለስላት ጠርሙሱን ምሳ ዕቃው ላይ አድርጌ ለጠባቂዋ ሰጠኋት።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ወተት ነው። ለልጅቷ።"

ክዳኑን ከፍታ አሸተተች። "ከዚህ የሚወጣው ባዶ ዕቃ ብቻ ነው" አለች።

"ትላንት ስሟን ነግረሽናል እኮ" አለች እናቲቱ።

"ስም ዕቃ አይደለም።" ይህን ስትል የተቆጣች አትመስልም ነበር፤ እንዲያውም እንድንረዳት የምትለምን ትመስል ነበር። ከደጃፉ ፊት ያለው ቦይ ላይ ጠርሙሱን ዘቀዘቀችው። ወተቱ ትንሽ ነበር፤ ሲሚንቶው ላይ ወዲያው ጠፋ። ባዶውን ጠርሙስ መለሰችልኝ።

እናቲቱ ተቀብላኝ አጠበችው፤ በሩ ሥር አስቀመጠችው። ማታ እራት ሲመጣ ደግማ አልባ ሰጠች። ጠባቂዋ አፈሰሰችው። በማግስቱ ጠዋት ሰጠች። ማታም ሰጠች።

"ተዪው በቃ" አልኳት አንድ ቀን። "አያወጡልሽም።"

"እሷ ታፍስሰው" አለች። "እኔ አላፈስሰውም።"

በቤተ መቅደሱ የዘወትር መሥዋዕት የሚባል ነበር። ጠዋት አንድ ጠቦት፣ ማታ አንድ ጠቦት፤ ከጠቦቱም ጋር ወይን ይፈስስ ነበር። ከተማው ተከቦ፣ ረሃብ ገብቶ እንኳ ጠቦት እስኪያልቅ ድረስ አላቋረጡም ይባላል። ይህን ለተማሪዎቼ እንደ ደረቅ ሥርዓት በአንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የማልፈው።

የጠርሙሱ ወተት እያነሰ ሄደ። መጨረሻ ላይ የሥሩን ክብ እንኳ የማይሸፍን ነበር። እናቲቱ ያኔም ክዳኑን አጥብቃ፣ በቀሚሷ ጠርጋ ነበር የምትሰጠው። አንድ ማታ ጠባቂዋ ጠርሙሱን ተቀበለችና ክዳኑን ሳትከፍት፣ ቦዩም ጋ ሳትቆም ወደ ውጭ በር ሄደች። ከግቢው መታጠፊያ በላይ አይታየንም። ጠርሙሱ አልተመለሰም። ሌላ ጠርሙስ አልነበረንም፤ ወተቱም ከዚያ በኋላ አልመጣም።

እኔ ከሁሉ በፊት ተፈታሁ። ለምን እንደያዙኝ ያልነገሩኝን ያህል ለምን እንደፈቱኝም አልነገሩኝም። ወረቀቴን ጠየቅሁ፤ "እሱ ወደ ላይ ሄዷል" አለኝ መርማሪው። ለእማማ የሚሆን ነገር ስላልነበረኝ ጃንጥላዬን ትቼላቸው ወጣሁ።

በሳምንቱ የእናቲቱን አክስት ቤት ጠይቄ ሄድኩ። ሕፃኗ ሳሉ ለቋታል፤ የላም ወተት ተስማምቷታል። ሰማያዊው ክር አንገቷ ላይ ነበር፤ ቀለሙ ቆዳዋ ላይ ትንሽ ለቋል። ስለ እናቷ ጤንነት ነገርኳቸው። ልወጣ ስል፣ እንደ ዋዛ፣ በአንድ ማታ ከጣቢያው ጠርሙስ ደርሷቸው እንደሆነ ጠየቅሁ።

"የምን ጠርሙስ?" አሉኝ።

እናቲቱ ከብዙ ወራት በኋላ ተፈታች። ሕፃኗ መጀመሪያ እሷን አይታ አልቅሳለች ብለውኛል። አሁን ገበያ ውስጥ አንዳንዴ እንገናኛለን፤ ልጅቷ የእናቷን ቀሚስ ይዛ ትሄዳለች። ስለ ጠርሙሱ ጠይቃኝ አታውቅም። የቡሌዋን እማማ ፈልጌያቸው ነበር፤ ልጃቸውን አግኝተው ወደ አገራቸው ተመልሰዋል አሉኝ፤ በዚያው ደስ ብሎኝ ተውኩት።

ወደ ሥራዬ ተመልሻለሁ። ዘንድሮም ያንን ምዕራፍ አስተማርኩ። ወረቀት ይዤ መንገድ አልሄድም፤ ሰሌዳው ላይ በጠመኔ ነው የምሠራው። ዘቦቹን አልጽፋቸውም። የምጀምረውም ከሴቶች አደባባይ ነው፤ ሌላውን ግንብ በዙሪያው እሠራለሁ።

አንዲት ከኋላ የምትቀመጥ፣ ብዙም የማትናገር ተማሪ እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ በሩ ላይ የቆመችው ሴት፣ የሰጠችው መድረሱን በምን ታውቃለች?"

"ጢሱን ታያለች" አልኳት።

ጻፈችው። ጠመኔውን አስቀምጬ እጄን አራገፍኩ፤ ጢስ ባይኖርስ ብላ ትጠይቀኛለች ብዬ ትንሽ ጠበቅሁ። አልጠየቀችኝም።